መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ እግረኛው፦ አዲስ የመኖሪያ መንደር እንዴት እንደማቅድ

ባዶ መሬት አሳይተው «እዚህ ላይ አዲስ መንደር እንዲታቀድ እንፈልጋለን» ሲሉኝ እርሳስ አላነሳም። ቦት ጫማዬን አዘጋጅቼ ዝናብ እጠብቃለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በቀያሽነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሠራሁባቸው ሳይቶች በአንዱ፣ በታችኛው ጫፍ በኩል ለጥ ያለ የሚያምር ሣር ነበር። የለካነው በደረቁ ወቅት ነው። መሬቱ ጠንካራ ስለነበር መኪናችንን ሳይቀር እላዩ ላይ እናቆም ነበር። በአቅራቢያው የሚኖሩ አንድ አዛውንት ሥራችንን ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ እዚህ እኮ ዝናብ ሲመጣ እንቁራሪት ነው የሚጮኸው» አሉኝ። አመስግኜ አለፍኩ። ማስታወሻዬ ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

እዚያ ሣር ላይ 48 ቤት አሳረፍን። አፈር ተደፋ፣ ተጠቀጠቀ፣ ቤቱ ተሠራ፣ ሰው ገባ። በሁለተኛው የዝናብ ወቅት ውሃው ወደ ቦታው ተመለሰ። ተጠርቼ ስደርስ ያየሁትን አልረሳም። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ አልጋ ላይ ቆማለች፤ ከአልጋው ሥር ጫማና ድስት ይንሳፈፋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሥራ ቅደም ተከተሌን ቀይሬያለሁ። መጀመሪያ የውሃውን መንገድ አሰምራለሁ። ቀጥሎ የእግረኛውን። ከዚያ የአውቶቡሱን። ቤቶቹ የሚገቡት እነዚህ ሦስቱ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ነው። የግል መኪና መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ የሚበላውን መሬት ግን ቀድሜ አሰላለሁ። አብዛኛው ፕላን የሚሠራው ግን በተገላቢጦሽ ነው። የመኪና መንገዱ ይሰመራል፣ ቤቱ ይደረደራል፣ ውሃውና እግረኛው በተረፈው ጥጋጥግ እንደምንም ይተላለፋሉ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን ቅደም ተከተል እንዴት እንደምገለብጠው ነው። ለስሌት እንዲመቸን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፦ 20 ሄክታር መሬት፣ 1,000 ቤት። መሬቱ 400 ሜትር በ500 ሜትር ነው እንበል።

መሬቱን ሦስት ጊዜ ሂዱበት

አንዱን ጊዜ በዝናብ። ቢቻል ዶፉ እየወረደ፣ ካልተቻለ ዝናቡ ባባራ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ውሃው የት ይሰበሰባል? በየት በኩል ይገባል? በየት ይወጣል? እኔ እንጨትና መዶሻ ይዤ ነው የምሄደው። ውሃ ያየሁበት ቦታ ሁሉ እንጨት እተክላለሁ፣ ሲደርቅ ተመልሼ እለካቸዋለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ በማለዳ፣ ሰው ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት በሚጣደፍበት ሰዓት ሂዱ። ባዶ የሚባል መሬት በእርግጥ ባዶ አይደለም። የእግር መንገድ ይኖረዋል፤ አቋርጠውት የሚያልፉ ሰዎች አሉ። ሦስተኛውን በምሽት። ጨለማው የት ይከብዳል፣ ከየት ድምፅ ይመጣል፣ ነፋሱ ከየት ሽታ ያመጣል? ይህን ካርታ አይነግራችሁም።

አካባቢው ውስጥ ለረጅም ጊዜ የኖረ ሰው ፈልጉና ጠይቁ። የሚነግራችሁንም ጻፉት። እኔ ያን ቀን አልጻፍኩትም።

ከዚያ ካርታው ይመጣል። የከፍታ መስመሮቹ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት መስመሮች) ቢበዛ በ1 ሜትር፣ ሜዳማ መሬት ከሆነ በግማሽ ሜትር ልዩነት የተሰመሩበት ካርታ ይኑራችሁ። በ5 ሜትር ልዩነት የተሠራ ካርታ ይዞ መንደር ማቀድ አይን ጨፍኖ እንደ መራመድ ነው። መስመሮቹ ወደ ላይኛው መሬት ሾል ብለው የሚታጠፉበትን ሁሉ በሰማያዊ እርሳስ አገናኙ። ያ የውሃው መንገድ ነው። አሁን ደረቅ ቢሆንም የውሃው መንገድ ነው።

መሬቱንም ቆፍሩ። ሁለት ሜትር ያህል ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች በተለያየ ቦታ ይበቃሉ። የአፈሩ ቀለም ግራጫ ሆኖ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ካለበት፣ ውሃ እዚያ ለብዙ ጊዜ ይተኛል ማለት ነው። ቄጠማና ፊላ የሚበቅልበትንም ቦታ ልብ በሉ። ከዚያ አንድ ጉድጓድ በውሃ ሞልታችሁ በሰዓት ምን ያህል እንደሚወርድ ለኩ። ይህ ቀላል ሙከራ በኋላ የዝናቡን ውሃ ወደ መሬት ማስረግ ትችሉ እንደሆነና እንዳልሆነ ይወስናል።

የማይነካውን መጀመሪያ ለዩ

ሰማያዊው መስመር ከተሰመረ በኋላ ቀይ እርሳስ አነሳለሁ። ወንዝና ጅረት ዳር፣ ረግረግ፣ ምንጭ፣ ቁልቁለቱ የበዛ መሬት፣ ትልልቅ ዛፍ ያለበት ቦታ በቀይ ይከበባል። ከጅረት ስንት ሜትር መራቅ እንደሚገባ በየአገሩ ደንብ ይወሰናል፤ ደንባችሁን እዩ። እኔ ደንቡ ያነሰ ቢፈቅድም በግሌ ከ30 ሜትር ወዲህ ቤት አላስጠጋም።

እዚህ ላይ አንድ አደናጋሪ ቃል አለ። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል ሰው በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ 30 ዓመት ቢኖርበት፣ በነዚያ ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመጥለቅለቅ ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከአራት አንድ በላይ ነው። «መቶ ዓመት ማን አለ» እያለ ስብሰባ ላይ ለሚከራከራችሁ ሰው ይህን ቁጥር አሳዩት።

ዛፍን በተመለከተ አንድ መለኪያ ብቻ ያዙ። የግንዱን ውፍረት (ከዳር እስከ ዳር፣ ዙሪያውን አይደለም) ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ለኩ፣ በ12 አባዙት። የሚወጣው ቁጥር ከግንዱ ዙሪያ መታጠር ያለበት ርቀት ነው። ግንዱ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 6 ሜትር ማለት ነው። አብዛኛው የዛፍ ሥር ያለው ከላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ማሽን ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ሥሩም አየር ያጣል። ዛፉ ወዲያው አይሞትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደርቅና ሰው ምክንያቱ ይጠፋበታል። አጥሩ ቡልዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ይተከል።

የዝናቡን ውሃ ቁጥር አውጡለት

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ከዚህ ተነስተን ምሳሌያችንን እናስላ። በአንድ ከባድ ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ቢወርድ በ20 ሄክታሩ ላይ 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል። መሬቱ ሣርና ቁጥቋጦ እያለ ከዚህ ውስጥ 20 በመቶ ያህሉ መሬት ለመሬት ፈስሶ ቢሄድ 2,000 ሜትር ኩብ ነው። የቀረው ይሰርጋል፣ ቅጠል ላይ ይቀራል፣ ይተናል።

አሁን መንደሩ ይሠራ። ከመሬቱ 60 በመቶው ጣሪያ፣ አስፋልትና ንጣፍ ሆነ እንበል። ከጣሪያና ከአስፋልት ላይ 90 በመቶ ገደማው ውሃ ወዲያው ይወርዳል። ቀሪው አረንጓዴ መሬት እንደ ድሮው 20 በመቶውን ይለቃል። ሲደመር 6,200 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከሦስት እጥፍ በላይ! ልዩነቱ 4,200 ሜትር ኩብ ነው። ይህ ውሃ ከእናንተ መንደር በታች ለሚኖር ሰው ቤት የሚላክ ነው። እኔ የማቅደው ይህን ልዩነት እዚያው እመንደሩ ውስጥ ለመያዝ ነው። ከታች ያሉትን ጎረቤቶች ማንም ስብሰባ አይጠራቸውም። ስለዚህ እነሱን ወክዬ የማስበው እኔ ነኝ።

እንዴት ይያዛል? ከላይ ወደ ታች ነው የምሄደው። ከየቤቱ ይጀመራል፤ 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዚያ ዝናብ 4 ሜትር ኩብ ውሃ ይሰጣል፣ ታንከር ቢኖር ለአትክልትና ለመጸዳጃ ይሆናል። ቀጥሎ መንገዱ ዳር በኮንክሪት ቦይ ፋንታ ጥልቀቱ አነስ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ሣር የለበሰ ቦይ ይሠራል። ውሃው እየተንሸራሸረ፣ እየሰረገ፣ ደለሉን እየጣለ ይሄዳል። የቀረው ታችኛው ጫፍ ላይ ወዳለ ጎድጎድ ያለ ገበታ መሰል ሜዳ ይገባል። ለ4,200 ሜትር ኩብ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው 0.42 ሄክታር ሜዳ ይበቃል። ከ20 ሄክታር 2 በመቶ ማለት ነው። ይህ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናብ ሲበዛ ብቻ ውሃ ይተኛበታል፣ ቀስ እያለም ይወጣል።

በብራዚል የኩሪቲባ ከተማ በጎርፍ የሚጠቁ የወንዝ ዳር መሬቶችን ፓርክ ማድረግ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። የባሪጉዊ ፓርክ አንዱ ነው። ሐይቁ የጎርፉን ውሃ ይቀበላል፣ ሰው ደግሞ ዳር ዳሩን ይሮጣል። ያ የመጀመሪያ ሳይቴ ላይ የነበረው ሣር እንዲህ መሆን ነበረበት።

አንድ ነገር ልጨምር። የዝናቡን ውሃና የመጸዳጃውን ፍሳሽ በአንድ ቱቦ አትላኩ። ዝናብ ሲበዛ ቱቦው ይሞላና ያ ሁሉ ቆሻሻ ወደ ወንዝ ይደፋል። የፍሳሹን መስመር ደግሞ በተቻለ መጠን በመሬቱ ቁልቁለት ብቻ እንዲሄድ አድርጉ። ፓምፕ መብራት ሲጠፋ ይቆማል።

እግረኛው

አሁን ግልጽ ወረቀት አምጥታችሁ ካርታው ላይ አንጥፉ። እኔ ሁልጊዜ አራት ሰው ነው የምሥለው። ብቻዋን ትምህርት ቤት የምትሄድ የስምንት ዓመት ልጅ። ምርኩዝ ይዘው ጤና ጣቢያ የሚሄዱ አረጋዊ። ከሥራ በምሽት የምትመለስ ሴት። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው። የእያንዳንዳቸውን መንገድ ከበር እስከ በር በእርሳስ እሥላለሁ። ልጅቷ ስንት መንገድ ታቋርጣለች? አረጋዊው የሚያርፉበት መቀመጫ የት አለ? ሴትየዋ የምታልፍበትን መንገድ ከመስኮት የሚያየው ሰው አለ ወይስ በሁለት ግንብ መሀል ነው? ወንበሩ የትኛው ጠርዝ ላይ ይቆማል?

ይህን ስታደርጉ ፕላኑ ይለወጣል። ሁልጊዜ ይለወጣል።

ርቀቱን በትክክል ለኩ። ሰው በእግሩ በደቂቃ 80 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 400 ሜትር አምስት ደቂቃ ነው። ብዙ ፕላን አውጪ ፌርማታው ላይ ኮምፓስ ተክሎ ክብ ይሥልና «ሁሉም ቤት ውስጥ ገብቷል» ይላል። ሰው ግን እንደ ወፍ አይሄድም። በምሳሌያችን ፌርማታው መሀል ላይ ቢሆን የመጨረሻው ጥግ በቀጥታ 320 ሜትር ነው። መንገዶቹ በካሬ በካሬ ቢገናኙ በእግር 450 ሜትር ይሆናል፣ ስድስት ደቂቃ አይሞላም። መንገዶቹ ግን ጫፋቸው የተዘጋ ከሆኑና ሰው ዞሮ ለመውጣት ከተገደደ ያው ርቀት በቀላሉ እጥፍ ይሆናል። ጎረቤትህን በመስኮት እያየኸው ቤቱ ለመድረስ አሥር ደቂቃ የሚፈጅበት ሰፈር አይቻለሁ።

ስለዚህ ብሎኮቹን፣ ማለትም ዙሪያቸውን በመንገድ የተከበቡትን የቤት ስብስቦች፣ ከ80 እስከ 100 ሜትር ያህል አድርጉ። ለመኪና የተዘጋ መንገድ እንኳ ቢኖር ለእግረኛና ለብስክሌት ክፍት ይሁን። የእግረኛ መንገዱ 2 ሜትር ስፋት ይኑረው፣ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች እንዲተላለፉ። ቁልቁለቱ ከ5 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ የግድ መወጣጫ ካስፈለገ ከ12 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ከፍታ አይለፍ። ጥላ አትርሱ። ጥላ የሌለው የእግር መንገድ ፀሐይ ሲከር ማንም አይሄድበትም።

ከጠረጴዛዬ በላይ የአንዲት ከተማ ካርታ ተሰቅሏል፤ በኔዘርላንድ ዩትሬክት አጠገብ ያለችው ሃውተን። መኪና ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ለመሄድ በቅድሚያ ወደ ዙሪያ መንገዱ መውጣት፣ ዞሮ መግባት አለበት። እግረኛውና ብስክሌተኛው ግን በቀጥታ መሀል ለመሀል ያልፋል፣ መንገዱም ወደ ባቡር ጣቢያው ይወስደዋል። ማንም መኪና አልተከለከለም። አጭሩ መንገድ ለማን ይሁን የሚለው ብቻ ነው የተወሰነው። የእኔም ጥያቄ ይኸው ነው፤ በእያንዳንዱ ፕላን ላይ አጭሩ መንገድ የማነው?

አውቶቡሱ ከነዋሪው ጋር ይግባ

ይህ ክፍል በጣም የሚያንገበግበኝ ነው።

አንድ ጊዜ የተሳተፍኩበት ሰፈር 600 ቤተሰብ ገባበት። አውቶቡስ «ነዋሪው ሲበዛ» ይመጣል ተባለ። ሦስት ዓመት ፈጀ። በነዚያ ሦስት ዓመታት ሰው ምን አደረገ? አቅም ያለው መኪና ገዛ። አቅም የሌለው በቦይ ጠርዝ ላይ በጭቃ ሁለት ኪሎ ሜትር ተራመደ። አንዳንዱ ሥራውን ተወ። አውቶቡሱ በመጨረሻ ሲመጣ ባዶውን ተመላለሰ፣ ከዓመት በኋላም «ተሳፋሪ የለም» ተብሎ ተቀነሰ። ተሳፋሪማ ነበረ። ሳይጠብቅ የሄደው ስለቸገረው ነው።

ሰው ልማዱን የሚቀይረው ቤት ሲቀይር ነው። አዲስ ቤት የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ሥራ የሚሄድበትን መንገድ ይመርጣል፣ ከዚያ አይለውጠውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁልፍ ርክክብ ቀን አውቶቡስ መኖር አለበት። ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ ቢሄድም። ይህ ወጪ እንደ ውሃና እንደ መብራት መስመር በልማቱ በጀት ውስጥ ከመነሻው ይያዝ፣ ከትራንስፖርት ኦፕሬተሩም ጋር በጽሑፍ ይታሰር። ስቶክሆልም ውስጥ ሃማርቢ ሾስታድ የሚባለው የቀድሞ የኢንዱስትሪ ቦታ ወደ መኖሪያ ሲቀየር፣ ትራሙ የሰፈሩን ግንባታ ማለቅ አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ብዙው ሕንፃ ገና ሳይሠራ ገባ።

መስመሩ በመንደሩ መሀል ቀጥ ብሎ ይለፍ። ጥግ ለጥግ የሚዞር አውቶቡስ ሁሉንም ለማገልገል ብሎ ማንንም አያገለግልም። 2 ኪሎ ሜትር የሚያዞር መስመር በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ አውቶቡስ 6 ደቂቃ ነው። ደርሶ መልስ 12 ደቂቃ፣ በየቀኑ፣ ለሁሉም ተሳፋሪ። ከዚያ ይልቅ ሰው ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢራመድ ይሻላል።

መንገዱም አውቶቡስ የሚችል ይሁን። የአንድ አውቶቡስ ስፋት 2.55 ሜትር ነው፤ ሁለት ሲተላለፉ 6.5 ሜትር ይበቃቸዋል። 12 ሜትር የሚረዝም አውቶቡስ ሲታጠፍ የውጭ ጥጉ 12.5 ሜትር ያህል ራዲየስ ይፈልጋል። ይህን ረስተው የሠሩት አንድ መታጠፊያ ላይ አውቶቡሱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ሲታጠፍ አይቻለሁ፤ ከኋላው ትምህርት ቤት ነበር።

የቤቶቹ ጥግግት ደግሞ አውቶቡሱን ይወስነዋል። በሄክታር 10 እና 15 ቤት እየበተናችሁ በየአሥር ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስ መጠበቅ አይሆንም። እኔ ፌርማታው ዙሪያ በሄክታር ከ40 ቤት አልወርድም። ይህ ማለት ሁሉም ቦታ ፎቅ ይቆለል ማለት አይደለም። ኩሪቲባ እ.ኤ.አ. በ1974 ለፈጣን አውቶቡሶች የራሳቸውን መስመር ስትሰጥ፣ ረጃጅሞቹን ሕንፃዎች በነዚያ መስመሮች ግራና ቀኝ እንዲሆኑ አደረገች፤ ራቅ ሲሉ ቤቶቹ ዝቅ ይላሉ። በትንሽ መንደርም ይሠራል። ፌርማታው አጠገብ አራት አምስት ፎቅ፣ ዳር ዳሩን ተያያዥ ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ ቤት።

መኪናው የሚበላው መሬት

አንድ መኪና ለማቆም 12.5 ካሬ ሜትር ይበቃል። መግቢያ መውጫው ሲጨመር ግን 25 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ለ1,000 ቤት አንድ አንድ ማቆሚያ ከተሰጠ 2.5 ሄክታር ሄደ። ከጠቅላላው መሬት አንድ ስምንተኛ! ውሃውን ለመያዝ ካስፈለገን ሜዳ ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ስብሰባ ላይ «ለጎርፍ ሜዳ መሬት የለንም» የሚል ሰው ሲነሳ ይህን ጎን ለጎን አስቀምጡለት።

በጀርመን ፍራይቡርግ ውስጥ ቮባን የተባለው ሰፈር የተሠራው በቀድሞ የፈረንሳይ ጦር ካምፕ ላይ ነው። ነዋሪ መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። መኪና ያለው ሰው ማቆሚያውን ሰፈሩ ጠርዝ ካለው የጋራ ጋራዥ ይገዛል፣ ለብቻው ከፍሎ። መኪና የሌለው ሰው የጋራዥ ቦታ ለመግዛት አይገደድም። ለእኔ ፍትሐዊው አሠራር ይህ ነው። ማቆሚያውን ከቤቱ ዋጋ መለየት ብቻውን ብዙ ነገር ይቀይራል። ማቆሚያው ከቤት በር ያለው ርቀት ከፌርማታው ርቀት ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ደግሞ አውቶቡሱ እኩል ዕድል ያገኛል። የአካል ጉዳት ላለበት፣ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና ግን እስከ በር ድረስ መንገድ ይኑር፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

በሰፈር ውስጥ ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሁን። በ50 የሚሄድ መኪና ሲጋጭ ጉልበቱ በ30 ከሚሄደው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ምልክት ሰሌዳ መትከል ብቻውን ዋጋ የለውም። መንገዱን አጥብቡት፣ ማቋረጫውን ከፍ አድርጉት፣ ዳሩን ዛፍ ትከሉበት። ሾፌሩ መንገዱ ራሱ «ቀስ በል» ሲለው ይሰማል።

ከዚያ ቤቶቹ

አሁን ቤት መደርደር ይቻላል። ይህ ክፍል አጭር ነው፣ ምክንያቱም ከባዱ ሥራ አልቋል። ረጅሙን ግድግዳ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ አዙሩ፤ የማለዳና የከሰዓት ዝቅ ያለ ፀሐይ በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት ገብቶ ቤቱን ያግላል። ነፋሱ በቤቶቹ መሀል እንዲያልፍ ክፍተት ተዉ። ትምህርት ቤቱን ከባድ መኪና የሚያልፍበት አውራ መንገድ ላይ አታስቀምጡ፣ ጢሱና ጩኸቱ ለልጆች አይሆንም። ሱቆቹን ፌርማታው አጠገብ ሰብስቡ፤ ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ የሚያስፈልገውን ገዝቶ ይገባል። ትልልቅና ትንንሽ ቤት፣ የሚሸጥና የሚከራይ ይቀላቀል።

ጥናቱ መቼ ይሠራ?

እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን በሕግ ካስገደደች ወዲህ ብዙ አገሮች ተከትለዋታል። ጥሩ ነው። ችግሩ ጥናቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ፕላኑ ካለቀ በኋላ ነው፣ ማኅተም ለማግኘት። ያኔ ረግረጉ ላይ የተሣሉትን ቤቶች ማን ደፍሮ ያነሳል? ባለሙያዎቹን የመጀመሪያው ቀን ጥሯቸው። መስመር ሳይሰመር የሚሰጡት ምክር በነጻ ነው የሚተገበረው።

የትራፊክ ጥናቱም እንዲሁ። የተለመደው አሠራር መኪናው ስንት እንደሚሆን ይገምታል፣ ከዚያ መንገዱን ያሰፋል። የሰፋ መንገድ ደግሞ ሌላ መኪና ይጠራል። ጥያቄውን ገልብጡት፤ «ከመቶ ጉዞ ስንቱ በእግር፣ ስንቱ በአውቶቡስ እንዲሆን እንፈልጋለን?» ብላችሁ ቁጥር አስቀምጡ። ከዚያ ያንን ቁጥር የሚያመጣ ፕላን ሥሩ።

ግንባታው ሲጀመር

ከፌርማታው ጀምራችሁ ወደ ዳር ገንቡ። ጫፍ ላይ ያለውን ቀድሞ መሥራት የመጀመሪያ ነዋሪዎችን በግንባታ መሀል ለዓመታት ያስመላልሳል። የውሃ መያዣው ሜዳና ቦዮቹ ከቤቶቹ በፊት ይቆፈሩ፣ የግንባታው ጭቃ ወደ ጅረት እንዳይወርድ። የላይኛውን ለም አፈር ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ገፍፋችሁ ከ2 ሜትር በማይበልጥ ክምር አስቀምጡት፤ ማሽን አይውጣበት። አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር አብዛኛውን ጊዜ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ኮንትራክተሩ ጭኖ ሊሸጠው ሊፈልግ ይችላል። ውሉ ላይ ይጻፍ።

ቦዮቹን ማን ያጸዳል? ከርክክቡ በፊት ይህ ጥያቄ መልስ ይኑረው፦ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ በጀቱ ከየት እንደሚመጣ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚጸዳ። ሣር የለበሰ ቦይ በፕላስቲክ ከተደፈነ ከኮንክሪቱ ይብሳል።

ሰው ከገባ በኋላ በመጀመሪያው የዝናብ ወቅት ቦት ጫማዬን አድርጌ እመለሳለሁ። ሜዳው ላይ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በቀለም ምልክት አደርጋለሁ፣ ከስሌቴም ጋር አነጻጽራለሁ። ከዚያ አረንጓዴው ላይ ሰው የረገጠውን እፈልጋለሁ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ አለ፤ እኔ የሠራሁትን ንጣፍ ትተው ሣሩን አቋርጠው የሚሄዱበት ቀጭን የአፈር መንገድ። ባለፈው የተመለስኩበት ሰፈር ላይ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ፌርማታው 60 ሜትር ያህል ተረግጦ አገኘሁ። የእኔ ንጣፍ 110 ሜትር ዞሮ ነበር የሚሄደው። ስፋቱን ለካሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ በዚያው ሳምንትም ልጆቹ የመረጡት መንገድ እንዲነጠፍ ጻፍኩ።